ሶቅራጥስ፦ ከአቴና አደባባይ እስከ ግዕዝ ብራና

ሶቅራጥስ በ470 ወይም በ469 ቅ.ል.ክ. በአቴና፣ አሎጴቄ በምትባል ቀበሌ ተወለደ። አባቱ ሶፍሮኒስቆስ ድንጋይ ጠራቢ፣ እናቱ ፋይናሬቴ አዋላጅ ነበሩ። ስለ ሥራው ሲናገር ግን ከአባቱ መሮ ይልቅ የእናቱን ሙያ መጥቀስ ይቀናው ነበር። እሷ ሴቶችን እንደምታዋልድ እኔም የሰውን ሐሳብ አዋልዳለሁ ይል እንደነበር ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ ጽፏል። አዋላጅ ሕፃኑን ከራሷ አታመጣም፤ በእናቲቱ ማኅፀን ያለውን በምጥ ታወጣዋለች። የተወለደውም ደህና ይሁን ጭንጋፍ አገላብጣ ታያለች። ሶቅራጥስ ስለ ትምህርት ያሰበው ነገር ሁሉ ከዚህች ምሳሌ ብዙም አይርቅም።

በልጅነቱ የነበረው የአቴና ትምህርት ቀላል ነበር። የነጻ ዜጋ ልጅ ሦስት መምህራን ይፈራረቁበታል፤ አንዱ ፊደልና ንባብ፣ አንዱ በገና የመሰለውን ክራርና ዜማ፣ አንዱ ደግሞ ትግልና ሩጫ ያስተምሩታል። ከቤት ወደ መምህሩ የሚያደርሰውና የሚመልሰው አንድ ባሪያ ነው። የሆሜር ግጥም በቃል ይጠናል፤ እኛ ዘንድ ዳዊት ያልደገመ ተማሪ ተማረ እንደማይባል ሁሉ፣ እዚያም ሆሜርን በቃሉ የማይወጣ ልጅ ያልተማረ ነበር። ሴቶች ልጆች ከቤት አይወጡም፤ ፈትልና ሽመና ከእናታቸው ይማራሉ።

ሶቅራጥስ ጎልማሳ ሲሆን አቴና ሌላ ትምህርት ፈለገች። አገሩ በሕዝብ ጉባኤ የሚመራ በመሆኑ በሸንጎ ተናግሮ ማሳመን የቻለ ሰው ሥልጣን ያገኛል፤ ተከሶ መናገር ያቃተው ደግሞ ንብረቱንም ሕይወቱንም ያጣል። ይህን ክፍተት የሞሉት ሶፊስት የተባሉ ተጓዥ መምህራን ናቸው። ከአብዴራ የመጣው ፕሮታጎራስ፣ ከሲሲሊ የመጣው ጎርጊያስ፣ ከኤሊስ የመጣው ሂፒያስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የንግግር ጥበብን ጠቀም ባለ ገንዘብ ይሸጡ ነበር። ባለጸጎችም ልጆቻቸውን ለእነሱ ለመስጠት ይሽቀዳደሙ ነበር።

ሶቅራጥስን የአቴና ሰው ከሶፊስቶች ለይቶ አላየውም። እሱ ግን ገንዘብ አይቀበልም፤ ትምህርት ቤት የለውም፤ አንዲት መስመር እንኳ ጽፎ አልተወም። በባዶ እግሩ፣ ክረምት ከበጋ በአንድ ኩታ፣ ከገበያ ወደ ወጣቶች መለማመጃ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ጫማ ሰፊ ቤት እየዞረ ያገኘውን ሰው ይጠይቃል። ሥራ ፈት ነው እንዳይባል ሦስት ጊዜ ዘምቷል፤ በፖቲዳይያ፣ በ424 ቅ.ል.ክ. በዴልዮን፣ በ422 ቅ.ል.ክ. በአምፊጶሊስ። በፖቲዳይያ ቆስሎ የወደቀውን አልኪቢያደስ የተባለ ወጣት ከጠላት መሐል አውጥቶታል። አልኪቢያደስ ኋላ የሚያመጣበትን ጣጣ ያኔ ማን ያውቃል።

ጠያቂ ያደረገው ምን እንደሆነ ራሱ በፍርድ ቤት ተናግሮታል። ወዳጁ ካይሬፎን ወደ ዴልፊ ጠንቋይ ቤት ሄዶ፣ ከሶቅራጥስ የሚበልጥ ጠቢብ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የለም የሚል ነበር። ለሶቅራጥስ ይህ ነገር እንቆቅልሽ ሆነበት፤ እኔ ምንም እንደማላውቅ አውቃለሁና። ስለዚህ አዋቂ የተባሉትን እየዞረ መፈተን ጀመረ። ፖለቲከኞቹ ሳያውቁ ያወቁ ይመስላቸዋል፤ ባለቅኔዎቹ ያማረ ነገር ይናገራሉ እንጂ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አይችሉም፤ የእጅ ባለሙያዎቹ ሙያቸውን በእርግጥ ያውቃሉ፣ ነገር ግን በዚያች ሳቢያ ሁሉን የሚያውቁ ይመስላቸዋል። መጨረሻ ላይ የእሱ ብልጫ አለማወቁን ማወቁ ብቻ እንደሆነ ተረዳ። ፈተናው ብዙ ጠላት አፈራለት፤ ወጣቶቹ ግን ሽማግሌ ሲረታ ማየት ደስ ስለሚላቸው ይከተሉት ነበር።

በ423 ቅ.ል.ክ. የቀልድ ደራሲው አሪስቶፋነስ «ደመናት» በተባለ ተውኔቱ መድረክ ላይ አወጣው። እዚያ ሶቅራጥስ በቅርጫት ተንጠልጥሎ ሰማይ የሚመረምር፣ ሐሰቱን እውነት የሚያስመስል ክርክር የሚያስተምር ሰው ነው። ከእሱ ተምሮ የመጣ ልጅም አባቱን ይደበድባል። ተመልካቹ ሳቀ፤ ምስሉ ግን በከተማው ሰው አእምሮ ቀረ።

የአጠያየቁ ጠባይ ፕላቶ «ላኬስ» በሚል ርእስ በጻፈው ውይይት ይታያል። ሁለት አባቶች ልጆቻችን የጦር ልብስ ለብሶ መታገልን ቢማሩ ይበጃቸው ይሆን ብለው ላኬስና ኒኪያስ የተባሉ ሁለት የጦር አለቆችን ያማክራሉ። አንደኛው ይጠቅማል፣ ሌላው አይረባም ይላሉ። ሶቅራጥስ ሲጠየቅ ነገሩን ወደ ሥሩ ይመልሰዋል፤ ልጆቹ እንዲማሩት የምትፈልጉት ጀግንነትን ከሆነ፣ ጀግንነት ራሱ ምንድን ነው? ላኬስ ጥያቄው ቀላል መሰለው፤ ጀግና ማለት ከተሰለፈበት ሳይሸሽ የሚዋጋ ነው አለ። ታዲያ እየሸሹ የሚዋጉት ፈረሰኞች ጀግኖች አይደሉም? በበሽታ፣ በድህነት፣ በፍትወትስ ፊት የሚጸና ሰው? ዕድሜያቸውን በጦር ሜዳ የጨረሱት ሁለቱ አለቆች ጀግንነትን መተርጎም አቃታቸው። ውይይቱ ያለ መልስ ያበቃል። አባቶቹ ግን ሶቅራጥስን ነገ ተመልሰህ ና ብለው ይለምኑታል፤ ልጁን ከማስተማር በፊት አስተማሪው መማር እንዳለበት ገብቷቸዋልና።

ከሁሉ ይልቅ «መኖን» በተባለው ውይይት ያለው ትዕይንት ሰፋ ተደርጎ መታየት አለበት፤ ስለ ማስተማር ከተጻፈው ሁሉ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ጥቂት ነው። መኖን የተባለው ባለጸጋ እንግዳ፣ የማናውቀውን ነገር እንዴት መፈለግ እንችላለን፣ ብናገኘውስ እሱ መሆኑን በምን እናውቃለን ብሎ ሶቅራጥስን ያፋጥጠዋል። ሶቅራጥስ ለክርክሩ በክርክር አልመለሰም። ከመኖን አሽከሮች አንዱን፣ በቤቱ ተወልዶ ያደገና ሒሳብ ተምሮ የማያውቅ ልጅ ጠርቶ መሬት ላይ አራት ማዕዘን ሣለለት። እያንዳንዱ ጎን ሁለት እግር ነው፤ ስፋቱ አራት ይሆናል። የዚህ እጥፍ፣ ማለትም ስምንት ስፋት ያለው አራት ማዕዘን እንዲኖረን ጎኑ ስንት ይሁን? ልጁ ሳያመነታ፣ ጎኑም እጥፍ ይሁን፣ አራት እግር አለ። ሶቅራጥስ ተሳሳትክ አላለውም፤ ሣለለት። አራት በአራት፣ ስፋቱ አሥራ ስድስት ሆነ። ልጁ አሰበና ሦስት አለ። ሦስት በሦስት፣ ዘጠኝ። አሁንም አለፈ። ያን ጊዜ ልጁ፣ እንግዲህ እኔ አላውቅም አለ።

ሶቅራጥስ እዚህ ላይ ቆሞ ወደ መኖን ይዞራል። ልጁ ቀድሞም አያውቅም ነበር፤ የሚያውቅ ይመስለው ነበር እንጂ። አሁን አለማወቁን ስላወቀ ተጎዳ ወይስ ተጠቀመ? መኖን መጠቀሙን አመነ። ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። ሶቅራጥስ አራቱን ትንንሽ አራት ማዕዘኖች አጋጥሞ እያንዳንዷን ከጥግ እስከ ጥግ በመስመር ቆረጣት። መሐል ላይ የተቀመጠው ቅርጽ የእያንዳንዷን ግማሽ ይይዛል፤ አራት ግማሾች ከአራት አራት ይወሰዳሉ፣ ስፋቱ ስምንት። ልጁ መልሱን ራሱ ተናገረ፤ የእጥፉ ጎን የመጀመሪያው አራት ማዕዘን ከጥግ እስከ ጥግ መስመር ነው። ሶቅራጥስ ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ ነፍስ ከመወለዷ በፊት ያወቀችውን ታስታውሳለች የሚል ነበር፤ ይህን የሚቀበለው ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። የተጠራጠረ አንባቢም ልጁን ወደ መልሱ የመራው የጥያቄዎቹ አደራደር ነው ማለቱ አይቀርም፤ ልክም ነው። የማይካደው ግን ልጁ «አላውቅም» ካለባት ቅጽበት በኋላ ያሰበው ከዚያ በፊት ካሰበው የተለየ መሆኑ ነው።

የአቴና ፖለቲካ በዚህ መካከል እየከፋ ሄደ። በ406 ቅ.ል.ክ. ከአርጊኑሳይ የባሕር ጦርነት በኋላ ሰምጠው የነበሩትን ያላዳኑ የጦር አለቆች ባንድነት ይፈረድባቸው ሲባል፣ ከዕለቱ የጉባኤ መሪዎች መካከል የነበረው ሶቅራጥስ ሕግ አይፈቅድም ብሎ ብቻውን ተቃወመ። አልሰሙትም፤ ስድስቱ ተገደሉ። በ404 ቅ.ል.ክ. አቴና በስፓርታ ተሸንፋ «ሠላሳዎቹ» የተባሉ ጨካኝ ገዢዎች ሥልጣን ሲይዙ፣ ሌዎን የተባለን ንጹሕ ሰው ከሳላሚስ ደሴት ይዘህ ና ብለው አዘዙት። አራቱ ጓደኞቹ ሄዱ፤ እሱ ወደ ቤቱ ገባ። ከሠላሳዎቹ ዋናው ክሪቲያስ ግን ቀድሞ የእሱ ተከታይ ነበር። አገሩን ከድቶ ወደ ስፓርታ የተሻገረው አልኪቢያደስም እንደዚሁ። ሕዝባዊው አገዛዝ ሲመለስ ብዙ ሰው፣ እነዚህን ያሳደገ ማን ነው ብሎ መጠየቁ አልቀረም።

በ399 ቅ.ል.ክ. ሜሌጦስ፣ አኒጦስና ሊቆን ከሰሱት። ክሱ ከተማይቱ የምታመልካቸውን አማልክት አይቀበልም፣ ወጣቶችንም ያበላሻል የሚል ነው። 500 ገደማ ዳኞች ፊት ቀርቦ የሚያለቅሱ ልጆቹን አላቀረበም፤ ምሕረትም አልለመነም። 30 ድምፅ ብቻ ወደ ሌላው ወገን ቢዞር ነጻ ይወጣ ነበር። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ በሕጉ መሠረት ራሱ ቅጣት እንዲመርጥ ሲጠየቅ፣ ለከተማዋ ለሠራሁት ሥራ እንደ ኦሊምፒክ አሸናፊዎች በመንግሥት ገበታ ልመገብ ይገባኛል አለ። ኋላ ወዳጆቹ ዋስ ሆነውት 30 ሚና የገንዘብ ቅጣት አቀረበ፤ ዳኞቹ ግን ሞት ፈረዱበት። ወደ ዴሎስ የሄደችው የተቀደሰች መርከብ እስክትመለስ ማንም አይገደልም ነበርና አንድ ወር ያህል በእስር ቆየ። ወዳጁ ክሪቶን የማምለጫ መንገድ አዘጋጅቶ ቢለምነው እምቢ አለ፤ የኖርኩበትን ሕግ በስተርጅና አልጥስም ብሎ። 70 ዓመት አካባቢ ሳለ የሄምሎክ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ሚስቱ ክሳንቲፔና ሦስት ወንዶች ልጆቹ ቀሩ።

በሞቱ ማግስት የሶቅራጥስ ታሪክ በሁለት መንገድ ተከፈለ። በአንዱ ያለው ፕላቶ ነው። መምህሩ ሲሞት 28 ዓመት ገደማ የነበረው ይህ የባላባት ልጅ ከፖለቲካ ሸሽቶ ተጓዘ፤ በ387 ቅ.ል.ክ. ገደማ ከአቴና ቅጥር ውጪ በአካዴሞስ የዛፍ አጸድ አካዳሚ የተባለውን ትምህርት ቤት አቆመ። «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉም የዕድሜ መሰላል ያለው የትምህርት ሥርዓት ነደፈ። ልጆች በዜማ፣ በተረትና በአካል ማሠልጠኛ ይጀምራሉ። ከ20 እስከ 30 የተመረጡት ቁጥርን፣ ጂኦሜትሪን፣ የከዋክብትን እንቅስቃሴና የድምፅን ስምምነት ያጠናሉ። እስከ 35 በክርክር ጥበብ ይሠለጥናሉ፤ ከዚያ 15 ዓመት በአገር ሥራ ላይ ይፈተናሉ፤ በ50 ዓመታቸው ለመምራት ይበቃሉ። ሴቶችም ተሰጥኦው ካላቸው በዚሁ መሰላል ይወጣሉ፤ ይህ ለዘመኑ አስደንጋጭ ሐሳብ ነበር። አስገራሚው፣ ፕላቶ ክርክርን ለወጣቶች ከመስጠት መጠንቀቁ ነው፤ እንደ ቡችላ ያገኙትን ሁሉ ይቦጫጭቃሉ ይላል። መምህሩ የሞተበትን ነገር አይቷል።

ሌላው መንገድ የክሴኖፎን ነው። ወታደርና ባለ ርስት የነበረው ክሴኖፎን የሣለው ሶቅራጥስ ብዙም አያስጨንቅም፤ ቤትን ስለ ማስተዳደር፣ ስለ ወንድማማችነት፣ ሆድን ስለ መግዛት መልካም ምክር ይለግሳል። ተከታዮቹ ዘመናት ይበልጥ የወደዱት ይህኛውን ነው። ከፈላስፎች አፍ የወጡ የተባሉ አጫጭር ቃላትን የሚሰበስቡ መጻሕፍት በግሪክኛ በዙ፤ በእያንዳንዱ ስብስብ ጠያቂው ሰው እየቀነሰ፣ ተናጋሪው ጠቢብ እየገነነ ሄደ።

የግሪክ ትምህርት ወደ አክሱም የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ድኅረ ልደት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ፣ ዞስካለስ የተባለው የአካባቢው ንጉሥ የግሪክ ፊደል የተማረ መሆኑን ይመሰክራል። በአራተኛው መቶ ዓመት ደግሞ፣ ሩፊኖስ የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ አገር ለማየት ሲጓዝ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ልጆችን እያስተማረ ይዟቸው ነበር። መርከቡ በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲቆም የአገሩ ሰዎች ወርረው በመርከቡ ያሉትን ፈጁ። ልጆቹን ያገኟቸው ግን ከዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ነው፤ አዘኑላቸውና ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ፍሬምናጦስ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊና የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነ፤ ኋላም በእስክንድርያ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሚባለው እሱ ነው። የፈላስፋ ተማሪ መሆኑን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ቀጥሎ በነበሩት መቶ ዓመታት ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሱት በአብዛኛው የሃይማኖት መጻሕፍት ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ስለ እንስሳት ጠባይ የሚናገረው ፊሳልጎስ ይገኛል። ሶቅራጥስ በዚህ ዙር አልመጣም።

የመጣው ዞሮ ነው። በ529 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ዮስጢንያኖስ የአቴናን የፍልስፍና ትምህርት ካገደ በኋላ የግሪክ መጻሕፍት በሶርያና በባግዳድ ክርስቲያን ተርጓሚዎች እጅ ሕይወት አገኙ። ከእነሱ የበለጠው ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ (809–873 እ.ኤ.አ.) የፈላስፎችን ድንቅ ቃላት በዐረብኛ ሰበሰበ። ይህ ዓይነቱ ስብስብ በግብፅ ክርስቲያኖች ዘንድም ይነበብ ነበር። ከዚያም በ1510 እና በ1522 እ.ኤ.አ. መካከል፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ አባ ሚካኤል የተባሉ ሰው ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ይባላል። የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ንጉሡ ሰፈር የደረሱበት፣ የግራኝ አሕመድ ጦርነትም ገና ያልተነሣበት ጊዜ ነው።

በግዕዙ መጽሐፍ ፕላቶ በዐረብኛ አጠራር አፍላጦን፣ አርስቶትል አርስጣጣሊስ ይባላሉ። ሶቅራጥስ ከእነሱና ከጠቢቡ ሰሎሞን ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጧል። ዕውቀት ከሀብት እንደምትበልጥ፣ ምላስን መግታት እንደሚገባ፣ ልጅ በትንሽነቱ መታረም እንዳለበት፣ ወዳጅ በመከራ ጊዜ እንደሚታወቅ ይመክራል። ጠያቂው ሰው እዚህ የለም። ሁሉም ነገር «ጠቢቡ እንዲህ አለ» በሚል መልክ ይጀምርና በዚያው ያልቃል። የመኖን ልጅ መሬት ላይ የተሣለውን መስመር እያየ «አላውቅም» ያለባት ቅጽበት በብዙ መቶ ዓመታት ስብስብ ውስጥ ተንጠባጥባ ቀርታለች። ይህን የኢትዮጵያ ተርጓሚ ጥፋት ማድረግ ስሕተት ነው፤ የደረሰው ሶቅራጥስ ቀድሞውኑ በግሪክኛውና በዐረብኛው ስብስብ መካሪ ሽማግሌ የሆነው ነው። የኢትዮጵያ ሊቃውንትም መጽሐፉን ቃል በቃል አልገለበጡትም፤ እየጨመሩ፣ እየቀነሱ፣ ለአገሩ ጣዕም እያስማሙ የራሳቸው አድርገውታል። የስክንድስ ታሪክ የተባለውም መጽሐፍ በዚሁ መንገድ የመጣ ነው፤ በሠራው ስሕተት እናቱ ስለ ሞተችበት ዳግም ላለመናገር የማለ ፈላስፋ፣ የንጉሡን ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ ሲመልስ ያሳያል።

ጥያቄ ግን በአገሩ አልጠፋም፤ ያለው በሌላ ቤት ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቃል ደግሞ አይወጣም። ቅኔውን ራሱ ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያልገጠመውን ይነቅፋል፣ ያርማል፣ ተማሪው ተመልሶ ከዛፍ ሥር ወይም ከጎጆው ይቀመጣል። የመጽሐፍ ቤቱ ትርጓሜም አንድን ጥቅስ «አንድም» እያለ በብዙ ወገን ይፈታል። ሁሉም የሚሆነው በቃል ነው። ፕላቶ «ፋይድሮስ» በተባለው ውይይት ሶቅራጥስ በጽሕፈት ላይ ያቀረበውን ነቀፋ ጽፏል፤ የተጻፈ ቃል ቢጠይቁት አይመልስም፣ ትዝታንም ያደክማል ይላል። የቅኔ መምህራን ይህን ቢሰሙ ብዙ የሚከራከሩበት ነገር አያገኙም።

ምርምርን በስሙ የሚጠራው የግዕዝ ጽሑፍ የዘርዐ ያዕቆብና የወልደ ሕይወት ሐተታ ነው። የመጀመሪያው በ1667 እ.ኤ.አ. በእንፍራዝ እንደ ተጻፈ ራሱ ይናገራል፤ ተማሪው ወልደ ሕይወት ደግሞ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ እጅ ሥራና ስለ ትዳር ሰፊ ምክር አክሏል። መጽሐፎቹ ወደ አውሮፓ የደረሱት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ጣልያናዊ መነኩሴ እጅ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው መነኩሴው ራሱ ነው ብሎ ጻፈ፤ ክርክሩ እስካሁን አላበቃም።

የግዕዙን ሶቅራጥስ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ያመጣው ክላውድ ሰምነር ነው። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፍልስፍና አስተማረ። መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባንን በእንግሊዝኛ ያሳተመው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኢትዮጵያ ፍልስፍና በሚል ርእስ ያወጣቸው ቅጾች አምስት ደርሰዋል። 

የብራናው ትምህርት ደቡብን ብዙም አልነካም ነበር፤ በጥያቄ መማር ግን እዚያም ነበረ። በዲላና በይርጋ ጨፌ ዙሪያ የሚኖረው የገዴኦ ሕዝብ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ የራሱ የማስተማሪያ መንገድ ነበረው። ባሌ በተባለው ሥርዓት ሰው በዕድሜ እርከን እየወጣ ኃላፊነት ይቀበላል፤ አባ ገዳውም በየስምንት ዓመቱ ይለወጣል። ከፕላቶ መሰላል ጋር መመሳሰሉ ግልጽ ነው፤ አንዱ ከሌላው ወሰደ የሚያሰኝ ግን ምንም ነገር የለም። ልዩነቱም ትልቅ ነው፤ የፕላቶው በወረቀት ቀረ፣ የገዴኦው ተኖረበት። በሶንጎ፣ ማለትም ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር በሚሰበሰቡበት ሸንጎ፣ ነገር ያለው ሰው ይናገራል፣ ይጠየቃል፣ እንደገና ይጠየቃል። ወጣቱ ከዳር ሆኖ እየሰማ ይማራል። ከእንሰትና ከቡና ጋር ትልልቅ ዛፎችን የሚያኖረው የእርሻ ዕውቀትም እንዲሁ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ እያሳዩ የሚተላለፍ ነው፤ በዚህ ዕውቀት የተሠራው የገዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

በ1971 ዓ.ም. በታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካገለገሉት 15 ቋንቋዎች አንዱ ገዴኦኛ ነበር። ትልልቅ ሰዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፊደል ቆጠሩ። በ1988 ዓ.ም. ዲላ ላይ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ራሱን የቻለ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገባ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሎጂክና የሒሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ ይወስዳል። ከይርጋ ጨፌ ወረዳ ዱመርሶ፣ ከቡና ማጠቢያዎቹ አጠገብ አድጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅም ከዚህ አያመልጥም። ሶቅራጥስን የሚያገኘው በመጀመሪያ ፍልስፍና ምንድን ነው በሚለው ምዕራፍ ነው፤ ቀጥሎ ሰው ሁሉ ሟች ከሆነ ሶቅራጥስም ሰው ስለሆነ ይሞታል በሚለው የአመክንዮ ምሳሌ። ሶቅራጥስ እዚህም መናገር አይጠበቅበትም፤ በዓረፍተ ነገሩ መካከል ስሙ ብቻ ተቀምጧል።